በካሴቱ ላይ ስሜን የተናገረችው ልጅ

እንድሪስዬ፣

አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም፤ አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንተ ከሄድክ በኋላ ግን ዕድሜ ልክህን ያልነገርከኝን ነገር ሰማሁ። የማወራው ሰው ስፈልግ ደግሞ ካንተ ሌላ አጣሁ። እስቲ ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንተ ስማኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ልጃችን ሰዓዳ ሁለተኛዋን ወለደች፤ ሴት ናት፣ ግንባሯ አንተን ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ሱቅህ አሁን ሞባይል ይጠገንበታል። የተከራየው ሰው ጨዋ ነው፤ በእጅህ የጻፍካትን «ሬዲዮና ቴፕ እንጠግናለን» የምትለዋን ሰሌዳ አላነሳትም። ጣሪያው ላይ ያቆምከው አንቴና ባለፈው ክረምት ወድቋል። ጉሙ ግን እንደምታውቀው ነው። ከጦሳ ተራራ የወረደ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንኳ የፊት ለፊቱን አጥር አያሳይም። እንዲህ ባለው ቀን ደጁ ላይ የሰው ኮቴ እሰማና እወጣለሁ። ማንም የለም።

ይህ የጀመረኝ በመጨረሻው ሳምንትህ ነው። እኔ አልጋህ ጫፍ ተቀምጬ እጅህን ይዣለሁ፤ አንተ በትከሻዬ ላይ አሻግረህ በሩን እያየህ «ዘሃራ፣ ግቢ እንጂ፤ ብርድ ነው» ትላለህ። «እዚሁ ነኝ እኮ እንድሪስ» ብዬ እጅህን ስጨብጠው ወደ እኔ ዞረህ በደንብ አየኸኝ። «አንቺማ ገብተሻል» አልከኝና መልሰህ ዓይንህን በሩ ላይ አደረግህ። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆንክ። ሐኪሙ ትኩሳቱ ነው አለ። እኔም ትኩሳቱ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን በር ገርበብ ብሎ ካየሁ ተነስቼ ሳልዘጋው አልቀመጥም።

ካሴቶችህን የከፈትናቸው በሰዓዳ ሐሳብ ነው። ያን ካርቶን ታውቀዋለህ። በጦርነቱ ሰሞን ከተማውን ለቀን ስንወጣ እኔ የልጆቹን ልብስ ስሰበስብ አንተ ካርቶኑን ታቅፈህ ቆመህ ነበር፤ ስንት ነገር እያለ ካሴት ብዬ ጮኽኩብህ። አሁን ሰዓዳ «እማ፣ ቴፑ ሊበጣጠስ ነው፤ ኮምቦልቻ ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው አለ፤ የአባዬ ነገር ጠፍቶ እንዳይቀር» አለችኝ። እኔም ያንተን ወሬ ዳግመኛ የምሰማ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ወሬህን ሁሉ በቃሌ ይዤዋለሁ እኮ። ሌላው ሰው ስለ ዘመዱ እንደሚያወራ አንተ ስለ ፈረንጅ ዘፋኞች ታወራ ነበር። ዳቦህን ሻይ ውስጥ እየነከርክ ያንን በተራ ጊታር ሲዘፍን ሰው የወደደውን ሰውዬ ትነግረኛለህ፤ አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ ሕዝቡ ጮኸበት፣ እሱ ግን ከመድረክ አልወረደም። እነዚያን አራት ጓደኛሞች ደግሞ፣ ሊለያዩ ሲሉ በብርድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጥተው ተጫውተው፣ ፖሊስ ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ ያላቆሙትን። ጊታሩን መድረክ ላይ ተንበርክኮ በእሳት ያቃጠለውን ስትነግረኝ ሁልጊዜ ድምፅህ ዝቅ ይላል፤ እኔም ሁልጊዜ «ምን አጠፋ ጊታሩ?» እላለሁ። አንዱንም ዘፈን ሳልሰማ ዘፋኞቹን እንደ ጎረቤት አወቅኋቸው።

ከሁሉ የምትወደው ግን የሰባ ሰባቱን ነበር። ያን ሐምሌ፣ በእኛ አገር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ ባሕር ማዶ በሁለት አገር በአንድ ቀን ትልልቅ መድረክ ተተክሎ የዓለም ዘፋኝ ሁሉ ለእኛ የዘፈነበትን። ከአንዱ መድረክ ወርዶ በአውሮፕላን ውቅያኖስ ተሻግሮ በሌላው ስለተጫወተው ሰውዬ ስታወራ እንደ ልጅ ትስቃለህ። ከዚያ ፊትህ ይለወጣል። «ዓለም ሁሉ ለወሎ ሲዘፍን እዚህ ደሴ የሰማነው እኔና…» ትልና ታቆማለህ። ትነሳና ትወጣለህ። በረሃብ የሞተ ጓደኛ ነበረው ይሆናል ብዬ አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም።

ወደ ኮምቦልቻ የወረድነው በጠዋት ነው። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ይዳሰስ ነበር፤ ካርቶኑ ጉልበቴ ላይ ነው። ባለ ስቱዲዮው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እየጠረገ «እኚህ ሰው ወላሂ ጠንቃቃ ነበሩ» አለ። ጀርባው ላይ «የዚያ ቀን» ብቻ የተጻፈበትን አወጣና አስገባው።

መጀመሪያ ዝናብ ሰማን። በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ። ውጭ ፀሐይ ነበር፤ ሰዓዳ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ባለ ስቱዲዮው ነገሩን አስረዳን፤ ሬዲዮውንና መቅጃውን ፊት ለፊት አስቀምጠህ ስለቀዳህ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ገብቷል። እውነትም ገብቷል። ብርጭቆ ሲቀመጥ ይሰማል፤ ወንበር ይንሿከካል። ከዝናቡ ኋላ ሬዲዮው ያስተጋባል፤ የሰው ጩኸት እየቀረበ እየራቀ፣ በመሐል ጊታር፣ በመሐል የማላውቀው ቋንቋ።

ከዚያ አንተ ተናገርክ። ገና ወጣት ነህ፤ ድምፅህ ቀጭን ነው። «ግቢ እንጂ፤ ብርድ ነው» አልክ።

እነዚያኑ ቃላት፣ በዚያው አነጋገር። ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ፤ እሷም አልጋህ አጠገብ ነበረች እኮ። ጥቂት ዝናቡ ብቻ ወረደ። ትንሽ ሳል ተሰማ። ከዚያ «ስምሽ ማነው?» ብለህ ጠየቅህ።

«ዘሃራ» አለች አንዲት ልጅ።

ከወንበሩ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ባለ ስቱዲዮው ደንግጦ አቆመው። «እርስዎ ነዎት እንዴ እማማ?» አለኝ። እኔ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ካንተ ጋር አንተዋወቅም፣ እኔም ያደረሰች ልጃገረድ ነበርኩ። ግን፣ እንድሪስ፣ ከእኔ በፊት በዚያ ቤት ውስጥ በስሜ የተጠራ ሰው ነበረ። አሁንም እዚያው፣ ያ ዝናብ ሳያቆም፣ የቆመች መሰለኝ።

«ቀጥለው» አልኩት።

«ይህን ሁሉ ሰው ትሰሚያለሽ? ለእናንተ ነው የሚዘፍኑት» አልካት።

«የት ነው ያሉት?»

«ባሕር ማዶ።»

ጥቂት አሰበች መሰለኝ። «ያዩናል?» አለች።

ሬዲዮው መንጫጫት ጀመረ፣ ዘፈኑ ሰመጠ፣ ልጅቷም የራሷን ዜማ ጀመረች። ቃል የሌለው ነው። ስትበይድ የምታንጎራጉረው፣ ልጆቻችንን ያስተኛህበት፣ «ከየት አመጣኸው?» ስልህ «እንጃ» የምትለው ዜማ ነው። ካሴቱ እስኪያልቅ ዘመረችው።

እቤት ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ኮምቦልቻ አባቴ ቤት ሬዲዮ ልትሠራ የመጣህበትን ቀን ታስታውሳለህ። እናቴ ከጓሮ «ዘሃራ!» ብላ ስትጣራ ካቻቢቴው ከእጅህ ወደቀ፤ እኔ ስገባ ቀና ብለህ ያየኸኝ አስተያየት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። በዚያ አስተያየት ነው ያገባሁህ። ለልጆቼ ሁሉ አውርቼዋለሁ፤ አባታችሁ እኔን አይቶ መሣሪያ ጣለ እያልኩ። ለካ መሣሪያውን የጣልከው ገና ሳታየኝ ነው።

ስንት ቀን አዘንኩብህ መሰለህ። ስሜን ሰው ሲጠራኝ አልወድም ነበር። ሰዓዳ ከበር ሆና ስትጣራ አልመልስም። መስተዋት ፊት ቆሜ ፀጉሬን ስሸፍን «ማንን ነበር ሲያይ የኖረው?» እላለሁ።

በመጨረሻ ተነስቼ ሙሄ ዘንድ ሄድኩ። በደርግ ጊዜ ጊታር ስትመታበት ከነበረው ከኪነት ቡድኑ ጓደኞችህ የቀረው እሱ ነው፤ ድራም መቺው። ኮምቦልቻ ልጁ ቤት ነው፤ እግሩን ያመዋል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። የልጅቷን ድምፅ በሰዓዳ ስልክ አሰማሁት። መልሼ እንድከፍትለት ጠየቀኝ። «አላህ ይዘንለት፤ አልነገረሽም ማለት ነው» አለኝ።

ከገጠር የተሰደደው ሕዝብ ከሰፈረበት መጠለያ የመጣች ልጅ ናት አለ። ዘፈኑ የተላለፈ ዕለት ዝናብ ስታመልጥ በርህ ላይ ቆመች፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣች። ዳቦ ትሰጣታለህ፣ ሬዲዮ ታሰማታለህ። አታስቸግርህም፤ እየገፋፋሃት እንኳ ከደጃፉ አልፋ አትገባም ነበር አለ። ክረምቱ ሲወጣ ሕዝቡን ወደ ምዕራብ የሚወስዱ የሰፈራ መኪኖች መጡ። ኪነቱ ሰፋሪውን በሙዚቃ እንዲሸኝ ታዘዘ።

«እምቢ የሚባልበት ዘመን አልነበረም፤ ታውቂዋለሽ» አለኝ ሙሄ። «ሜዳው ላይ ጄኔሬተር ተነሳ፣ ድምፅ ማጉያ ተተከለ። እንድሪስ ከፊት ነው፣ እኔ ከኋላው። የደስታ ዘፈን ነበር የታዘዝነው። ሦስተኛው መኪና ሲያልፍ ልጅቷን መኪናው ላይ ቆማ አያት። እጇን ታወዛውዛለች፤ አፏ ይከፈታል ይዘጋል፤ ወደ እሱ ነው የምትጮኸው። ምን እንደምትል አይሰማም፤ የራሱ ጊታር ነው የዋጠው። ያቆማል ብዬ ጠበቅሁ። ካድሬው ፊት ለፊቱ ቆሟል። አላቆመም፣ ዘሃራ። መኪናው ከዓይን እስኪጠፋ መታ። ከዚያ ጊታሩን አውርዶ መሬት ላይ አስተኛውና ሄደ። ‹ምን ብላኝ ነበር?› ይለኝ ነበር በኋላ፤ ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ባገኘኝ ቁጥር። ‹ሙሄ፣ አንተ ትንሽም አልሰማህም?›»

ጊታር ለምን ተውክ ስልህ «ጣቶቼ ደነዙ» ነበር መልስህ። በእነዚያ ጣቶች ዓይን የማያየውን ሽቦ ስትበይድ እያየሁህ አመንኩህ።

ከመነሳቴ በፊት አፍሬም ቢሆን ጠየቅሁት። «ሙሄ፣ በስሜ ነው እንዴ ያገባኝ?»

«እኔ እንጃ» አለኝ። «የመጀመሪያው ቀን ስሙ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

አውቀዋለሁ። ስታመም ያደረግህልኝን አውቃለሁ፤ በስም የሚደረግ አይደለም። ንዴቴ ሐረጎን ስንወጣ በረደ፤ በር ላይ የቆመችው ልጅ ፍርሃት ግን አልለቀቀኝም።

ልጅቷ ትኖር እንደሆነ ለማወቅ ሰዓዳ «ዘሃራ» የምትልበትንና «ያዩናል?» የምትልበትን ቁራጭ ከስልክ ቁጥሬ ጋር ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ለቀቀችው። ዜማውን ግን አስቀረነው፤ የሚያውቀው ሰው ራሱ እንዲያመጣው ብለን። የተደወለው ስልክ ብዛቱ! ከወለጋም ከጎጃምም ከአዲስ አበባም፣ የእኛ ዘሃራ ናት የሚል፤ አንዱ የአክስቱ ልጅ፣ ሌላው የእናቱ ታናሽ። ውሸታቸውን አልነበረም፤ ሁሉም ያለቅሳሉ። ለአንዲት ድምፅ ይህን ያህል ባለቤት ሲመጣ፣ ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደጠፋብን ገባኝ። ስልኩ ሲጮህ ማንሳት ፈራሁ። አንዳንዱ ተንፍሶ ብቻ ይዘጋል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጉሙ ደጁን እንደሸፈነ፣ ከኢሉባቦር ፋጡማ የምትባል ሴት ደወለች። አልጠየቅኋትም። «እንዲህ የሚል ነገር አላት ወይ?» አለችና ያንን ዜማ አንጎራጎረችው። ስልኩን ሰዓዳ ናት ከእጄ የወሰደችው።

በወሩ መጣች። ቀጠን ያለች፣ አርባን የተሻገረች ሴት ናት፤ አማርኛዋ ኦሮምኛ ኦሮምኛ ይላል። ከተወለደችበት አገር ከወጣች ወዲህ ስትመለስ የመጀመሪያዋ ነው፤ መኪና ውስጥ ሆና ተራራውን ስታይ ምንም አላስታወሳትም አለች፤ ይህን ስትነግረኝ አፈረች። ምሳ በልተን ካሴቱን ከፈትንላት። ዘሃራ ስትናገር ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ አይደለሁም» አለች። «ታላቄ ናት። እናታችን መንገድ ላይ ስለቀረች እሷ ነበረች የምታዝለኝ። ያ የሚስለው እኔ ነኝ።»

መልሰን ከፈትነው። ከስሟ በፊት ያቺን ትንሽ ሳል ስንሰማት ኖረን፣ ያንተ መስላን ነበር። በርህ ላይ ሁለት ልጅ ነበር የቆመው፣ እንድሪስ። አንዷ ሌላዋን በጀርባዋ አዝላ።

ዘሃራ በሰፈራው ሁለተኛ ዓመት በወባ ሞተች። ፎቶ የላትም፤ ፊቷን ፋጡማም አታስታውሰውም። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ የቀረው አንተ የቀዳኸው ብቻ ነው። ፋጡማ ይህን ስትረዳ እጇን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ እንደ ሰው ትከሻ ዳሰሰችው።

ከዚያ መኪናውንና ጊታሩን ነገርኳት። መንገር አልፈለግሁም ነበር፤ ግን አንተ ብትሆን እንድትነግራት ትፈልግ ነበር ብዬ ነው። ሳታቆም መምታትህንም አልደበቅሁም። ፋጡማ አየችኝ፣ ግራ እንደገባት ሰው።

«አባቴ እስኪሞት ያወራው ነበር እኮ» አለችኝ። «ዘሃራ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጉራዋን ትነዛ ነበር። እናንተ ዝም ብላችሁ ነው የመጣችሁ፣ እኔን የሬዲዮው ሰውዬ በጊታር ሸኘኝ ትላቸዋለች። ‹አታቁም! አታቁም!› እያልኩ ጮኽኩለት፣ እሱም አላቆመም፤ ዓይኔ እስኪያጣው ድረስ ሰማሁት ትል ነበር።»

እውነት ይሁን አላውቅም። ልጁ የሞተችበት አባት ወሬ ሊያሳምር ይችላል፤ ፋጡማም «እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ የሰማሁትን ነው» ብላኛለች። ግን ይህን ሳትሰማ መሄድህ አንጀቴን በላው። አንድ ነገር ደግሞ ሳልልህ አላልፍም፤ ቅር ብሎኛል። ለሙሄ የነገርከውን ለእኔ ብትነግረኝ፣ ይህን ያህል ዓመት ብቻህን በሩን አታይም ነበር። እኔም አብሬህ አይ ነበር። አብረን ብንፈልግ ምናልባት አንተ በሕይወት ሳለህ እናገኛት ነበር። ይህን ይቅር ለማለት ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።

ፋጡማ ፍላሹን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከትታ ሄደች። ስትሄድ የእህቷ መቃብር ምልክት እንደሌለው ነገረችኝ፤ የቡና ዛፎች በቅለውበታል፣ ቦታውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። መስከረም ሲጠባ ከሰዓዳ ጋር እሄዳለሁ፤ ድንጋይ እናስቆማለን። የአባቷን ስም ፋጡማ ጽፋ ሰጥታኛለች። የእሷን ማንም እንዲጽፍልኝ አላስፈለገኝም።

እፈራለሁ፣ እንድሪስ። ስሜ የተቀረጸበት መቃብር ፊት መቆም እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ግን እቆማለሁ፤ ዱዓም አደርጋለሁ፣ ለእሷም ላንተም። እኔ በሕይወት እስካለሁ ሁለታችሁም አትረሱም፤ ከእኔ በኋላ ደግሞ ሰዓዳ አለች፤ ሁሉንም ነግሬያታለሁ።

ሚስትህ ዘሃራ
ደሴ